ባዶ መዳፍ

ልጄ ግሪን ቫሊ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ለትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ትለማመዳለች። የአንዱን ጥያቄ መልስ ደጋግማ ስታጠፋ የላጲሱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ያኔ በዲቪ ከመጣን ዓመት አልሞላንም። እኔም ለእንዲህ ያለ ፈተና ስዘጋጅ፣ ገና ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉት ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ፣ ከሺፍት መልስ ጥቁር ሰደርያቸውን ሳያወልቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ሦስተኛውን የተሳሳትኩ መሰለኝ።»

«አሁን ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«ዘጠነኛው።»

ሳቁ። እጃቸውን አንዴ አጨበጨቡና ሁለቱንም መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ።

«እኛ ከቁማር ጠረጴዛው ስንነሳ ከላይ ለሚቆጣጠረን ካሜራ እንዲህ እናደርጋለን። ምንም ይዤ አልሄድኩም ማለት ነው። አንቺም ከአንዱ ጥያቄ ስትነሺ ምንም ይዘሽ አትሂጂ።»

የፈተናው ቀን ራሴን ረስቼ ጯ አድርጌ አጨበጨብኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ፈታኟም ተቆጣችኝ። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ደርሼ ነበር።

ይህን ለልጄ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ትቻት ወደ ኩሽና ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ አንዲት ጭብጨባ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ገጽ ሲገለጥ።