አጎቴና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ

አጎቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የቀብራቸውን ቀን ሳስብ ግን ከእንባዬ በፊት የሚመጣው ንዴት ነው።

አዲስ አበባ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ወዳለችው ኮሎምበስ ከመጡ በኋላም የዚያን ሥራ ታሪክ ማንበብ አልተዉም። ተበደልኩ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ይህች አገር ቅኝ ግዛት ሳለች ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የእንግሊዝ ንጉሥ ጠበቃ ነበር። ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ለምን አቤት አትሉም?»

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የእኛው አገር ሰው የሆነ መኪና ነጋዴ ማይሌጁን፣ ማለትም የተነዳበትን ርቀት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ወደ ኋላ የመለሰውን መኪና ለአንዲት አዲስ መጤ ሸጠላት። ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ወደምትሠራበት መጋዘን ስትሄድ መኪናው ሀይዌይ ላይ ቆመባት። አጎቴ «ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርት እናድርግ፤ የተታለለ ገዢን አቤቱታ የሚቀበለው የእሱ ቢሮ ነው» አሉ።

የማኅበራችን ሽማግሌዎች ግን «ጋሼ፣ የራሳችንን ልጅ ለመንግሥት አሳልፈን አንሰጥም» አሏቸው። ሴትየዋንም «ከከሰስሽ ከመካከላችን እናወጣሻለን» ብለው ዝም አሰኟት። ብዙም ሳይቆይ አጎቴን ኮቪድ ወሰዳቸው።

ቀብሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ማይኩን የሰጡት ለዚያው ነጋዴ ነበር። «ጋሼ አባቴ ነበሩ፤ እውነትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ አለቀሰ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አብሮት አለቀሰ። እውነቱን ልናገር ልነሣ ስል የአጎቴ ባለቤት እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ፣ ለቅሶ ነው።»

መኪናውን የገዛችው ሴት ከሁሉም ኋላ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ማንም የለም። አጎቴ ቢኖሩ የሚቀመጡት እዚያ ነበር።