እንድትተኛ የማይፈቀድላት ሰሌዳ

ሠፈሩ «ጠጋኙ» ይለዋል። የሚጠግነው ግን ጫማም ጣራም አይደለም። ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና አለ፤ አስኳሉ ከርነል ይባላል። ጠጋኙ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ደመወዝ፣ ይህ አስኳል ከዕቃዎች ጋር የማይግባባበትን ስሕተት እየፈለገ ያርማል።

ታላቅ እኅቱ ዓይነ ስውር ናት፤ በአንድ የትርጉም ቢሮ ፊደል ታርማለች። የምታነበው በጣቷ ነው፦ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘች ሰሌዳ ጥቃቅን መርፌዎቿን ከፍ ዝቅ እያደረገች ጽሑፉን ወደ ብሬል ትለውጥላታለች። አዲሱ ከርነል ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሥራ የፈታ ዕቃ ሁሉ ያስተኛል። ሰሌዳዋ «ተኝቼ እነቃለሁ» ብላ ቃል ትገባለች፤ ትተኛለች፤ አትነቃም። ሰኞ ዕለት በስንት መንቀልና መሰካት ነፍስ ዘራች። የሠራት ፋብሪካ ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል።

ጠጋኙ «ይህችን ሰሌዳ አታስተኛ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ለከርነሉ ኀላፊዎች ላከ። የእኅቱ ቢሮ የሚቀበለው ይፋዊውን እትም ብቻ ስለሆነ፣ መስመሯ እዚያ ካልገባች እኅቱ ሥራ የላትም። መልሱ አጭር ነበር፦ «ከሰኞ ወዲህ ከርነሉ ተሻሽሏል። መስመሯን አውጥተህ ሰሌዳዋን እንደገና አስተኛትና ውጤቱን አሳየን።»

«ሞክሬያለሁ፣ አትነቃም» ብሎ ጻፈ። መላኪያው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምነው፣ ጣትህ ዲዳ ሆነ?» አለች እኅቱ ከማዶ ጠረጴዛ።

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

«አንተ ምንም የለም ስትል አንድ ጉድ አለ። ተናገር።»

ነገራት።

«እና ሳትሞክር ሞክሬያለሁ ልትል?»

«ሰኞ አይተናት የለ? ያው ናት።»

«ሰሌዳዬን ቃለ አባይ ብለህ ከሰሃል። ምስክሩም እንደ እሷ ከሆነ ማን ይታመን?»

«ባትነሣስ? ምን ይዘሽ ሥራ ልትገቢ ነው?»

«አንተን አስቀምጬ አስነብብሃለኋ። አነባበብህን ስለማውቀው ግን እግዜር ይሁነኝ። ይልቅ አስተኛት።»

መስመሯን ከቤቱ ኮምፒውተር አወጣ፤ ኮምፒውተሩን አስነሣ፤ እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁ። መርፌዎቹ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ወረዱ። እኅቱ ቁልፍ ብትጫን፣ ብትደግም፣ ሰሌዳዋ ለጥ እንዳለች ቀረች። የተፈለገው ማስረጃ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ተጽፎ ወጣ፤ ጠጋኙ ግን ደስ አላለውም። ገመዱን ነቀለ፤ ጠብቆ ሰካ። ዝም። እንደገና ነቀለ። ሳይጠብቅ መልሶ ሰካ።

«አታዋክባት፤ ትንሽ ትረፍ» አለች እኅቱ።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ መርፌዎቹ ተንጫጭተው ተነሡ። እኅቱ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ተመልሳ ዳሰሰች።

«የመጨረሻዋ ፊደል አልተነሣችም።»

ጠጋኙ ገመዱን ዳግም ሊነቅል ያዘ።

«አንድ ጥርስ ነው የወለቀው፤ በቀሩት ታኝካለች። በል ላከው።»

ያየውን ሁሉ፣ የሞተችውን ፊደል ሳያስቀር፣ ጽፎ ላከ። መልስ እስኪመጣ መስመሯን በቤቱ ኮምፒውተር ወደ ቦታዋ መለሳት። እኅቱ ወደ እርማቷ ተመለሰች። እርሱ ግን ጆሮው ከመርፌዎቹ ድምፅ አልላቀቅ አለው፤ ለማሰብ ጣቷን ባነሣች ቁጥር ይጠይቃታል።

«እትዬ፣ አለች?»

«አለች። ዝም በል፣ ላንብብባት።»