የሜላት ክራንቻ

ሰርክአዲስ በእንጅባራ የአንድ ሰፈር የሴቶች ቡድን መሪ ናት። በራሪ ወረቀት በመጣ ቁጥር ለአምስት ሴቶች የምታነበው እሷ ናት፤ ወረቀቱ ያላለውንም ትጨምርበታለች። «ግግ ማስወጣት ጎጂ ልማድ ነው» የሚለውን በተለይ አሳምራ ታነበው ነበር፤ ድምጿን ከፍ፣ ጣቷን ቀጥ አድርጋ። ያ ጣት ወደ ራሷ ዞሮ አያውቅም።

ቢዞር ያገኛት ነበር። ልጇ ሜላት የሰባት ወር ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ሲይዛት፣ ሰርክአዲስ ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር ሸጉጣ፣ ልጇን አዝላ፣ ከአማቷ ከእማማ እንቁ ጋር ወደ ዘንገና ወረደች። አያ ወገኔ የሚባል አዋቂ የሕፃኗን ድድ ዳብሶ በአገውኛ አንድ ነገር አለ። ሰርክአዲስ አማርኛ ብቻ የምታውቅ የዳንግላ ልጅ ናት። «ትል ነው ይላል» ብለው አማቷ ተረጎሙላት። አዋቂውም ትሉን ከላይኛው ድድ ከግራም ከቀኝም በብስክሌት ሽቦ ፈልፍሎ አወጣው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቆመ። በራሱ ሊቆም የነበረ ተቅማጥ ሁልጊዜ አዋቂ ያስመሰግናል። ባሏ ደጉ ያን ሰሞን ለሥራ ቻግኒ ነበር፤ እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

አሁን ሜላት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የግራው ክራንቻ እንደምንም ተርፎ በቅሏል፤ በቀኝ በኩል ግን ባዶ ነው። ባዶ መሬት ያየ ጎረቤት መቼም ድንበር ይገፋል፤ የፊት ጥርሶቿ ወደዚያው ተንጋደው፣ አፏን ስትገጥም የላዩ ከታቹ አይገናኝም። ስትስቅ በመዳፏ ትሸፍን ነበር፤ ሰሞኑን ጭራሽ መሳቁንም ትታዋለች። ሰርክአዲስን እህል ያስጠላት ይሄ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ወሰደቻት። ወረፋው ላይ ከአምስቱ ሴቶች አንዷ፣ ሀይማኖት፣ ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች። የሐኪሙ ክፍል በር የለውም፤ መጋረጃ ነው።

«የወተት ክራንቻዋ መቼ ወለቀ?» አለ ዶክተር ሽመክት።

«በጊዜው።»

«ሕፃን ሳለች ድዷን የነካው ሰው አለ?»

ሰርክአዲስ መጋረጃውን አየችው። «የእኔን ልጅ? ወረቀቱን የማነበው እኮ እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው አይስጉ። ክራንቻ እስከ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ይዘገያል። ለዓመት ይምጡ። ተነክቶ ቢሆን ዛሬውኑ ለራጅ ባሕር ዳር እልካችሁ ነበር፤ ጥርስ የሚቀናው መንጋጋ በማደግ ላይ እያለ ነው። ከዚያ በኋላ የጥርስ ማቅኛው ሽቦም ይለግማል።»

ባጃጅ ውስጥ ገቡ። እፎይታው እስከ መናኸሪያው ድረስ እንኳ አልዘለቀም።

«እማ፣ ለዓመት ይበቅላል ማለት ነው?»

«ይበቅላል አለ አይደል።»

ሜላት በጣቷ ቆጠረች። «እሺ። ስድስተኛ ክፍል ስገባ እስቃለሁ።»

ሰርክአዲስ ልጇን አየቻት። ያልተዘራ እርሻ ጫፍ ላይ ቆማ ቡቃያ የምትጠብቅ ልጅ፣ ያውም ዓመት ሙሉ።

«መልሰኝ» አለችው ሾፌሩን።

«ዕቃ ረሱ?»

«ምላሴን።»

ሲመለሱ ሀይማኖት ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ ተጋድማለች። ትውጣልኝ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰርክአዲስ ራሷን ታውቃለች፤ ትንሽ ብትቆይ ሌላ ውሸት ታገኛለች።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። በሰባት ወሯ ትል ነው ብለውኝ ግግ አስወጥቻታለሁ። በብስክሌት ሽቦ።»

ዶክተሩ መስተዋቱን አስቀመጠ። «የታችኛውንስ?»

«የታቹን አልነካም።»

ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። «የቀኙ ክራንቻ ድዷ ውስጥ ተርፎ እንደሆነ ራጁ ያሳየናል፤ ቦታ ከፍተን እናወርደዋለን። ከሌለም የሚደረገው ይደረጋል። ዓመት ሊያጠፉባት ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ቀረ።»

ሀይማኖት ጥጥ እንደጎረሰች ቀና አለች። «እትዬ ሰርኬ፣ እኛ እኮ እርስዎ ባነበቡልን ማግሥት ነው ልጆቻችንን ይዘን ዘንገና የወረድነው። እንዳይሰሙብን ስንቱን ተደባብቀን።»

«ስንታችሁ?»

«አምስታችንም።»

የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆመ። «ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?»

ሰርክአዲስ የሪፈሩን ወረቀት ይዛ ባሏን ደጉን ታስባለች። የባሕር ዳሩን መንገድ በምን ትጀምርለታለች? ሜላት ምላሷን ከባዶው ቦታ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ታያታለች።

«እማ፣ ትል ነበር እንዴ?»

«ጥርስ ነበር» አለቻት።