የሼሉ ቃለ ጉባኤ

አምቦ፣ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሼል የሚመርጥ ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ይህን ለኮምፒውተር ባለሙያ ስናገር ይስቅብኛል። ሼል ማለት ሰው በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ማንም ሰው እንደ ጫማው የሚመቸውን መርጦ ይጠቀማል። እኛ ግን አጀንዳ ይዘን፣ ተፈራርመን፣ ማህተም አስመትተን መረጥን።

የላብራቶሪያችን አርባ ኮምፒውተሮች ቫይረስ ፈጅቷቸው ነበር። እኛ ስናጸዳ ተማሪው በፍላሽ መልሶ ያመጣዋል። በመጨረሻ የነበረውን ሁሉ አጥፍተን ያ ቫይረስ የማይነካውን ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ጫንንባቸው። የክፍሉ ኃላፊ "ተማሪው አንድ ወጥ ነገር ይልመድ፤ የትኛውን ሼል እንደምንጠቀም በኮሚቴ ወስኑ" አለን። እዚያ ቤት ያለ ኮሚቴ መጥረጊያም አይገዛም።

ሦስት ነበርን። ሰብሳቢው የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሺያን ናቸው፤ ተማሪዎቹ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደ ማለት፣ ይሏቸዋል፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ሁለተኛው ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር የጅማ ልጅ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት፣ የሁሉም ታናሽ፣ ጸሐፊ ተባልኩ።

ጋሼ የሚያውቁት ባሽ የሚባለውን ሼል ብቻ ነበር። ማንም አላስተማራቸውም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው፤ ትእዛዞቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ማብራሪያውን ከሥር በኦሮምኛ ጽፈውበታል። ከሁሉም የሚወዱት አንድ መስመር ነበር። እሱን በሁለት ጣት ሲጽፉት አርባውን ማሽን አንድ በአንድ ዞሮ የተማሪዎቹን ሥራ ሰብስቦ ያመጣላቸዋል። ኤንተሩን ከመቱ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ማሽኖቹ ሲመልሱ ያያሉ። ያን ጊዜ የተማሪ ስም የሚጠራ መምህር ይመስሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ፊሽ የሚባል ሌላ ሼል ይዞኝ ነበር። ኢንተርኔቱ ከሚኖርበት ቀን የማይኖርበት ይበዛ ስለነበር አዲስ አበባ ሄጄ በፍላሽ አመጣሁት። ትእዛዙን በቀለም ይለያል፣ ስህተቱን ቀይ ያደርጋል፣ ጀምረህ የተውከውን ገምቶ ይጨርስልሃል። ወጣት ነበርኩ፤ ያገኘሁትን አዲስ ነገር ሁሉ ሰው ካልተጋራኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። በስብሰባ ላይ ታላቅ ቀድሞ አይናገርም፤ ከተናገረ ታናሹ ምን አፍ ይኖረዋል? መምህሩ "እኔ ጋሼ ያሉት ይሁን" አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንተላ ኮ፣ አዲሱን ትምህርት የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ተናገሪ።"

ልጄ ብለውኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ስለ ፊሽ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩ። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"የለመድነው ትእዛዝ ይሠራል?"

"ይሠራል ጋሼ። ልዩነቱ ትንሽ ነው።"

ነጭ ውሸት አልነበረም። አብዛኛው ትእዛዝ በሁለቱም አንድ ነው። ያ አርባውን ማሽን የሚያዞረው መስመር ግን በፊሽ አይሠራም፤ ባሽ ዙሩን የሚዘጋበት ቃል ሌላ፣ ፊሽ የሚዘጋበት ሌላ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ግን አባቴ ለሚሆኑ ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ "ደብተርዎን እንደገና ይጻፉ" ማለት ከበደኝ። ቀስ ብዬ ራሴ አስተካክልላቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጋሼም "ጋሪዳ፣ ራኮን ሂንጂሩ" ብለው ፈረሙ፤ መልካም፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው።

አርባውንም ማሽን ወደ ፊሽ ቀየርኩ፤ በሳምንቱ አዲስ ላብራቶሪ እንዳዘጋጅ ጉደር ላኩኝ። ሁለት ወር ቆየሁ። ጉደር ቅርብ ነው፤ ሚኒባስ ይዤ ግማሽ ቀን ብመጣ ደብተሩን አስተካክዬ እመለስ ነበር። አልመጣሁም፣ አልደወልኩምም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ስመለስ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። የላብራቶሪው ኃላፊነት ለእኔ ሊሰጥ ነው። "ጋሼስ?" ስለው ጠረጴዛው ላይ ያለ ደብዳቤ አሳየኝ። በእጃቸው የጻፉት ነው። "የማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ ስለመጣና ሥራዬን በአግባቡ መሥራት ስላልቻልኩ ወደ ንብረት ክፍል እንድዛወር በትሕትና አመለክታለሁ" ይላል። ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ሊፈርምበት ነው።

ወደ ላብራቶሪው እየሮጥኩ ሄድኩ። ጋሼ ፍላሽ ይዘው ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየዞሩ የተማሪዎቹን ሥራ በእጃቸው ይሰበስባሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሰዋል። እንደ ልማዳቸው ጉንጬን ስመው፣ የጉደርን ሰው ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ ደብዳቤውን እንዳየሁ ነገርኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ?" አሉኝ። "ያ የማውቀው መስመር እምቢ አለኝ። ከደብተሩ ላይ ፊደል በፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ነው የምጽፈው። መጨረሻውን ቀይ ያደርግብኛል። ኤንተር ስመታ ወደ ታች ይወርድና ዝም ይላል። ደግሜ እመታለሁ፣ ደግሞ ይወርዳል። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽር ቀየርኩ። ከዚያ ዓይኔ እንዳልሆነ ገባኝ።"

"መምህሩን ለምን አልጠየቁትም?"

"ሰብሳቢ ሆኜ ፈርሜ? በምን አፌ?"

እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ፊደል እንዳልሳቱ፣ የተለወጠው የማሽኑ ቋንቋ እንደሆነ፣ እኔም ይህን በስብሰባው ቀን አውቅ እንደነበር። በጣም አፍሬ ነበር። ጋሼ የያዙትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

"እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የፈረምኩት።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ማሽን አሁኑኑ ወደ ባሽ ልመልሰው ስል ግን እጄን ያዙኝ። ማህተም ያረፈበት ውሳኔ በቃል አይሻርም አሉ። መምህሩን ከክፍል አስጠርተን ሦስታችንም እዚያው ተሰበሰብንና ወደ ባሽ እንዲመለስ ወሰንን። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ምክንያት በሚለው ቦታ "ጸሐፊዋ ማስረዳት የሚገባትን ባለማስረዳቷ" ብዬ አሰፈርኩ። መምህሩ ይህ ይቅር አለ፣ ጋሼም አስፈላጊ አይደለም አሉ፤ ግን እንደጻፍኩት ፈረምን። ኃላፊው አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የጋሼን ደብዳቤ መለሰልኝ።

አርባውን ማሽን ወደ ባሽ መመለስ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው ያን መስመር ጻፉ። ኤንተሩን ከመምታታቸው በፊት ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መቱት፤ አርባውም መለሱ።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስክሪኑን እያዩ፣ "ሁለት ወር ሙሉ እቤት 'ጭንቅላቴ አልይዝ አለ' እያልኩ ነው የከረምኩት። ዛሬ ምን ብዬ ልግባ?" አሉኝ።

"እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ከሥራ እንደወጣን አብረን ሄድን። ባለቤታቸው በር ከፍተው ሳያስገቡን፣ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ሼል የገባቸው አይመስለኝም። የገባቸው አንድ ነገር ነው፤ ባላቸው አልደከመም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ!" አሉ። "እኔ እኮ ጸበል አስጠምቄዋለሁ! ሰባት ቀን፣ በጠዋቱ ብርድ! ለዚህ ነው?"

ሳቅ ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ጋሼን አየኋቸው። አልሳቁም። አንገታቸውን ደፍተው ለባለቤታቸው፣ "ስምንተኛውንም ቀን ብቻዬን ሄጃለሁ። አልነገርኩሽም" አሉ።