ከማድ ቤቴ ግድግዳ ጀርባ

ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ አለ ወይ፣ መብራቱ የብቻ ነው ወይ፣ የግቢው በር መቼ ይዘጋል ነው። ይሄኛው ግን ሁለቱን ክፍሎች ዞር ዞር ብሎ አየና ትንሿ ክፍል ውስጥ ቆሞ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ።

«እትዬ፣ ከዚህ ጀርባ ምንድነው ያለው?»

«ማድ ቤቴ።»

«ቀን ቀን እዚያ ነው የሚውሉት?»

«ቀንም ማታም። የት እሄዳለሁ?»

«ጥሩ» አለ። «እከራየዋለሁ።»

የዚያኑ ቀን ጠረጠርኩት። እኔ ማድ ቤት መዋሌ ለእሱ ምኑ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጠርጥሬም ተመንጥሬ አውቃለሁ። አንዱ ተከራይ በር ነቅሎ ሄዷል። አንዷ ደግሞ ባሌ ነው ብላ ያስገባችው ሰውዬ የሌላ ሴት ባል ሆኖ ተገኝቶ፣ ሚስቲቱ መጥታ ጣሪያዬን በድንጋይ ደብድባዋለች። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ መጠርጠር ለእኔ ክፋት ሳይሆን በር እንደ መቆለፍ ነው።

ሾፌር ነው። ከነተሳቢው ረጅም መኪና ይነዳል። የሰፈሩ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ፍሬቻ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ግራ ዓይኑ ስለሚርገበገብ ነው። ሲጨንቀው ይብስበታል፤ እኔ መጀመሪያ ሲዋሽ ይመስለኝ ነበር። ስሙን ሲሰማ አልተቀየመም። «ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው ብለው መንገድ ከለቀቁልኝ ምን ቸገረኝ» ብሎ ሳቀ።

ልጅ አለችኝ ይላል። ሚስቱ የሞተችው እሱ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ሲመለስ፣ ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጁን የሚስቱ ታላቅ እህት ወስዳት ጠበቀችው። እሱም ተዋት፤ መኪና ውስጥ ሕፃን ይዞ አይዞር ነገር። ብቅ እያለ የሚያያት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አሁን ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አክስቲቱ ከነቤተሰቧ ኑሮዋን ሩቅ አገር ልታደርግ ነው፤ ልጅቷንም ይዣት እሄዳለሁ ብላለች። ፍሬቻ ለምኖ ለምኖ አንድ ነገር አስማማት። መጥታ ልጅቷ የምታድርበትን ክፍል ታያለች። ክፍሉ ደህና ከሆነ ልጅቷ ለአባቷ ትቀራለች፤ ካልሆነ ትሄዳለች፣ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚያያት እግዜር ይወቅ።

«ጋቢና ውስጥ አሳድጋታለሁ ልበላት እንዴ እትዬ? እስካሁን ቤቴ ጋቢናዬ ነው» አለኝ።

ታሪኩ ያሳዝናል። የሚያሳዝን ታሪክ ግን ሁሉም ተከራይ ይዞ ነው የሚመጣው።

ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ትንሿ ክፍል ገብቶ ከውስጥ ይቆልፋል። መጋዝ ይሰማል፣ መሰርሰሪያ ይሰማል። ሲወጣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። አንድ ቀን ትልቅ ላሜራ በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ አየሁት። ለልጅ ክፍል የብረት ላሜራ ምን ያደርጋል? ከዚያ በኋላ እኔ ወዲህ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ ወዲያ ብሎን ያጠብቃል፤ ላሜራው ሲመታ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ክዳኖች ይንጫጫሉ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነገር ታውቃለች፤ ያላወቀችውንም ትጨምርበታለች።

«ተከራይሽ ምን አዘዘኝ መሰለሽ?» አለችኝ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። «ሮዝ ከፋይ መጋረጃ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። የመስኮቱን ልክ አምጣ ስለው የአልጋ ልክ ይዞ መጣ። አልጋው ደግሞ ወርዱ ይቺን ታህል ነው!» ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ።

«ለልጁ ነው።»

«ልጅቷን አይተሻታል?»

«አላየኋትም።»

«እኔም አላየኋት። ዘርፍ ለልጅ! እኔ ዘርፍ ስሰፋ የኖርኩት ለሁለት ነገር ነው፤ ለሬሳ ሳጥንና ለመኪና።»

«ዝም በይ አንቺ! ያንን አፍሽን በያዝሽው መርፌ ስፊው።»

«እኔስ እሰፋዋለሁ። አንቺ ግን ከላሜራው ኋላ ምን እንዳለ እወቂ። ጠረፍ ለጠረፍ የሚዞር ሾፌር ነው። ነገ ፖሊስ መጥቶ ግድግዳሽን ሲያፈርስ ‹ለልጁ ነው› ትያቸዋለሽ?»

እንቅልፍ ነሳችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመንገድ ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ስማ፣ ግድግዳዬ ላይ የምትመታው ላሜራ ምንድነው?»

ዓይኑ መርገብገብ ጀመረ። «ለልጅቷ ነው እትዬ።»

«ላሜራ ለልጅ ምኗ ነው?»

«ሲያልቅ ያዩታል።»

«የደበቅኸው ነገር ካለ ዛሬውኑ አውጣ። እኔ እስር ቤት ብገባ ስንቅ የሚያመላልስልኝ ሰው የለኝም።»

«ምን ልደብቅ? ያለኝን ሁሉ ለማሳየት አይደል እንዴ የምለፋው» አለ። አላሳመነኝም። ያን ሰሞን ጆሮዬ ከግድግዳው አልተለየም።

አክስቲቱ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት በሬን አንኳኳ። ሸሚዝ ለውጧል፤ ከጥፍሩ ሥር ግን ግራሶው አልለቀቀም።

«እትዬ፣ እርስዎ ልጆች አሳድገዋል። እስቲ ገብተው ይዩልኝ።»

ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የልጅ ክፍል አልነበረም፤ ጋቢና ነው። አልጋው ጠባብ ሆኖ ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሯል፤ ሾፌሮች ከመቀመጫቸው ጀርባ የሚጋደሙባት መኝታ ቁርጥ እሷን። ዙሪያውን ሮዝ መጋረጃው ከነዘርፉ ይወዛወዛል። ጣሪያው በቀይ ጨርቅ ተለብጦ ትንንሽ መብራቶች ተሰክተውበታል። የውሃ ኩባያው በላስቲክ ታስሯል። የልብስ ሳጥኑ ክዳን መንጠቆ አለው። መደርደሪያው ላይ ደብተር እንዳይወድቅ ዘንግ ተጋድሞበታል። ወንበሯ ሳትቀር ወለሉ ላይ በብሎን ታስራለች።

«ይሄ ሁሉ ለምን ታሰረ?»

«እንዳይወድቅ ነዋ።»

«ቤቱ ይሄዳል እንዴ አንተ?»

ክፍሉን ዞር ብሎ አየው። ያን ጊዜ ገና የገባው ይመስለኛል።

«ለካ አይሄድም» አለ ቀስ ብሎ። ሁለታችንም ሳቅን።

ብርድ ልብሱን ዳሰስኩት፤ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ፍራሹ በደንብ የተነደፈ ጥጥ ነው። የመስኮቱን ዙሪያ እንደ መኪና በር በጎማ አሽጎታል፤ ንፋስ የሚባል አያስገባም። እውነቱን ለመናገር ከግቢው ክፍሎች ሁሉ ሞቃቱ እሱ ነበር፤ የእኔንም ጨምሮ።

ሁለት ነገር ግን ዓይኔን ወጋው። አንዱ ያ ላሜራ ነው። ከአልጋው ጎን፣ የተኛ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ፣ የእኔ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ስፖኪዮ ነው። ክፍሏ ስለጠበበች የአልጋው ራስጌ ወደ በሩ ነው፤ ከግርጌው በላይ ደግሞ እውነተኛ የመኪና ስፖኪዮ ወደ በሩ ዞሮ ተሰክቷል።

«ይሄስ?»

«ተኝታም ቢሆን ከኋላዋ ማን እንደገባ ታያለች።»

«ወይስ የገባው እሷን ያያታል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«ምንም ማለቴ አይደለም። ንቀለው። አክስቷም የምትጠይቅህ ይሄንኑ ነው።»

«አልነቅልም» አለ። ይሄ ሰው እምቢ ሲል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጥርጣሬዬ ባሰ።

በማግስቱ አክስቲቱ ልጅቷን ይዛ መጣች። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጥብቃ የያዘች፣ ከእግሯ ይልቅ ዓይኗ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ወደድኳት፤ እንደ እኔው ናት። ልጅቷ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫፍ ጫፉን የምትራመድ ናት። አባቷን ልክ እንደ ማንም እንግዳ ሰው «ጋሼ» ስትለው ዓይኑ ተርገበገበ።

አክስቲቱ ብርድ ልብሱን ገልጣ አሸተተች። ፍራሹን በጉልበቷ ተጫነችው። በስልኳ መብራት አልጋው ሥር አየች። ዘርፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ፍሬቻ ዞረች።

«ሰውዬ፣ ልጅ ነው ወይስ ጭነት የምታስቀምጠው?»

«እንዲሞቃት ብዬ ነው።»

ስፖኪዮውንም አየችው። ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«እርስዎም እናት ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይጠጣል?»

«ሲጠጣ አላየሁም።»

«ሴት ያመጣል?»

«አላየሁም።»

«ያምኑታል?»

«እኔ ማንንም አላምንም፣ እርስዎንም ጭምር» አልኳት። «ግን ከገባ ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። እስካሁን አልያዝኩትም።»

ተመልሰን ስንገባ ልጅቷ የለችም። ከአልጋው ሥር ጫማዋ ብቻ ተቀምጧል፤ መጋረጃው ከግርጌው በኩል ትንሽ ተከፍቶ ሌላው ዝግ ነው።

«አክስቴ፣ ቦርሳሽ ተከፍቷል» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

አክስቲቱ ደንግጣ ቦርሳዋን ጨበጠች። እውነትም ተከፍቷል። «በየት በኩል ነው ያየሽኝ?»

«በመስታወቱ። አንቺስ ታዪኛለሽ?»

እኔም ጠጋ ብዬ ስፖኪዮውን አየሁት። ከፋዩና ከፋዩ ውስጥ ያለው ጥላ እንጂ ሌላ አይታይም።

«አላይሽም» አለች አክስቲቱ።

«እናንተ ቤት ሳሎን ነው የምተኛው» አለች ልጅቷ። «ሰው ሁሉ በራስጌዬ በኩል ነው የሚያልፈው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

አክስቲቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ሌላ ክፍል የለንማ ሚጡዬ። ቢኖረን እነፍግሽ ነበር?» አለችና ወደ ፍሬቻ ዞረች። «እሺ፣ ክፍሉስ ይሁን። አንተ መንገድ ስትወጣ ማን ሊያያት ነው?»

እኔም ይሄን ነበር የጠበቅሁት። ፍሬቻ ወደ ላሜራው ሄዶ በመዳፉ አንድ ጊዜ መታው። ከግድግዳው ማዶ ክዳኖቼ ተንጫጩ።

«ሥራ የጀመርኩት ረዳት ሆኜ ነው» አለ። «ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበርኩ፤ ሾፌሩ አያየኝም። የመኪናውን ላሜራ ሁለቴ ከመታሁ ሂድ ነው፣ አንዴ ከመታሁ ቁም ነው። አንድ መትቼ ሳይቆምልኝ የቀረበት ቀን የለም።»

የሚናገረው ለአክስቲቱ ነው፤ የሚያየው ግን እኔን። ያን ጊዜ ያ የመጀመሪያ ቀን ጥያቄው ትዝ አለኝ። ይሄ ሰው ክፍል አልተከራየም፤ የተከራየው እኔን ነው። መጠርጠሬስ ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት የተደበቀው ነገር ምን እንደሆነ ላይ ነው።

«አንተ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«አፍ የለህም? አትጠይቅም?»

«ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኝ ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ እምቢ እለው ነበር። ልጆቼን አሳድጌ ሁሉም በየፊናው ሄዷል፤ እኔም ጉልበቴ አልቋል። የሰው ልጅ አደራ ደግሞ ከብረት ይከብዳል።

«አልችልም» አልኩ። «አደራ አልቀበልም። ደክሞኛል።»

ፍሬቻ ግድግዳውን ተደገፈ። አክስቲቱ ቦርሳዋን ዘጋች። «እንግዲህ ሰማህ። ተነሺ ሚጡ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ልጅቷ አልተነሳችም። ቀጭን እጅ ከመጋረጃው ወጥቶ ላሜራውን ዳሰሰ።

«እትዬ፣ እዚያ ማዶ ይሰማል?»

«እንዴት አይሰማ! ክዳኖቼን ፈጃቸው።»

«ቀስ ብዬ ብመታስ?»

«እኔ እንጃ።»

«እስቲ ሄደው ይስሙልኝ።»

ሄድኩ። ማድ ቤቴ ገብቼ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። ድስቱ ተጥዶ ይንተከተካል። አልሰማሁም ብል ማን ያውቅብኛል? አንዲት ቃል ናት፤ ልጅቷም ትሄዳለች፣ እሱም ወደ ጋቢናው ይመለሳል፣ እኔም ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

አንዲት ክዳን ብቻ «ጢን» አለች።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ሁለቴ ከሆነ ሂድ ነው ብሎ የለ። አልመጣም።

ምድጃውን አጠፋሁና ሄድኩ። በሩን ስገፋው ፊት ለፊት ስፖኪዮው ውስጥ ሻሿ የተንሻፈፈ፣ የደከማት ሴትዮ አየሁ።

«እርስዎ ነዎት» አለች ልጅቷ ከመጋረጃው ውስጥ።

«እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ።»

አክስቲቱ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ አንስታ የያዘችውን የልጅቷን ጫማ ቀስ አድርጋ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው።

ይሄው ልጅቷ ቀረች። አክስቲቱ ከሄደችበት ስትደውል የምትጠይቀው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። ፍሬቻ ቅርብ ለቅርብ የሚሠራ መኪና ይዣለሁ ይላል፤ አንዳንዴ ግን ውጭ ያድራል። ሲመለስ እኔ ጎማው ላይ ያለውን ጭቃ አያለሁ፤ ነበርኩ ያለበት አገር ጭቃ መሆን አለመሆኑን። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ እሱም ያውቃል፣ አይቀየመኝም። ወንበሯን ልጅቷ ራሷ ፈታቻት፤ መስኮቱ ሥር ወስዳ ልትቀመጥባት። ኩባያውም ተፈቷል። አልጋውን እግሯ ግርጌውን ሲመታባት አናጢ አስረዘመው። ስፖኪዮውን ግን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ከትምህርት ቤት መጥታ እዚያ ማዶ ስታነብ ላሜራው አንድ ጊዜ ይመታል። የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። መኖርዎን ላይ ብዬ ነው።»

«እየኖርኩ ነው፤ ድስቱ ግን አረረ» እላታለሁ። ነገም ትመታለች። ሰው ዛሬ ኖሮ ነገ እንደሚሄድ በልጅነቷ አውቃዋለች፤ አልፈርድባትም።