በሙሽራው ካርድ የተበላ መልስ

አያልነሽ ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ከጀመረች ወዲህ ያልገፋችው የሰው ዓይነት የለም። ዳኛ ገፍታለች፣ ቄስ ገፍታለች፣ እግሩ ደህና ሆኖ ሰልፍ መቆም ያስጠላውን ቀጣፊ ሁሉ ገፍታለች። በሩ ላይ ሲደርሱ አንዳንዱ አምስት ዶላር እጇ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ "እግዚአብሔር ይባርክሽ" ብሎ ላጥ ይላል። "የእግዜርንማ እሱ ያውቃል፣ አንተ የራስህን አምጣ" ትላለች በሆዷ። ደመወዟ ባንክ ገብቶ ለኦሮራው አፓርታማ ኪራይና ለመኪና ኢንሹራንስ ሲወጣ ዓይኗ እንኳ አያየውም። የቲፑ ገንዘብ ግን ሌላ ነው። በእጇ ገብቶ በእጇ የሚወጣ፣ ጉልበቷ ያመጣው ገንዘብ ነው።

ክሬዲት ካርድ የላትም። ስንቱ መከራት! "ክሬዲት ሳይኖርሽ እዚህ አገር እንዴት ትኖሪያለሽ?" ይሏታል የሥራ ጓደኞቿ። "እስካሁን በምን የኖርኩ መሰላችሁ?" ብላ ታፋጥጣቸዋለች። ነገ የምትሠራውን ዛሬ መብላት ለእሷ ነውር ነው። ሰው ከኪሱ ያለውን ያወጣል፣ ከሌለው ይተወዋል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ለዓመታት ሲያንገበግባት ኖሯል። አንድያ ልጇ ሔርሜላ የተዳረችው በዚያ በኮሮና ጊዜ ነው። ጥቂት ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፣ ቁርባኑ ተፈጸመ፣ ሁሉም ወደየመኪናው ገባ። የሙሽራው ወላጆች፣ ዴንቨር ዳር ቶርንተን የሚኖሩት አቶ መልከጼዴቅና ወይዘሮ ፀዳል፣ ትንሽም ብትሆን ጓሯቸው ድንኳን ጥለው ሙሽሮቹን ተቀበሉ። መልሱ ግን ቀረ። መልስ ደግሞ የሴቷ ቤት ግዴታ ነው። የሙሽራውን ወገን ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ "ልጄን በወግ ሰጠኋችሁ" የሚባልበት ነው። አያልነሽ አዳራሽ ልትከራይ ስትል አዳራሽ ተዘጋ፤ ሲከፈት ባሏ ታመመ፤ እሱን ስትቀብር ደግሞ ሐዘን ሆነ። አማቾቹ አንድም ቀን አላነሱባትም። እሷ ግን ወይዘሮ ፀዳልን ከቅዳሴ በኋላ ባየች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

በዚህ መሐል ሔርሜላና ባሏ ዮናታን "ወላጆቻችን ደክማችኋል፣ አባባም ሳያርፍ አለፈ፤ እናንተን እንኳ መርከብ እናሳፍራችሁ" ብለው ተነሱ። ፍልሰታ እንደተፈታ ከቴክሳስ ወደብ ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ የአንድ ሳምንት ጉዞ ነው። "ምን ጠፍቶኝ ነው ባሕር ላይ?" አለች አያልነሽ መጀመሪያ። ኋላ ሔርሜላ የመርከቡን ፎቶ ስታሳያት አንድ ምግብ ቤት ዓይኗ ገባ። በነፃ ከሚበላበት አዳራሽ የተለየ፣ በተጨማሪ ክፍያ የሚገባበት፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ አስተናጋጁ ከረባት ያሰረ። ወዲያው ለወይዘሮ ፀዳል ደወለች።

"ማክሰኞ ማታ መርከቡ ላይ የሔርሜላን መልስ እጠራለሁ። በእኔ ነው፣ አደራ።"

"ኧረ ወይዘሮ አያልነሽ፣ ምን አስጨነቀዎት!" አሉ ወይዘሮ ፀዳል። ደስ እንዳላቸው ግን ድምፃቸው ያሳብቅ ነበር።

አያልነሽ የባንክ ካርዷን እንዳይጠፋባት ብላ ኦሮራ ቤቷ ቆልፋበት፣ ያጠራቀመችውን የቲፕ ገንዘብ በፖስታ አድርጋ ሄደች። እንግዲህ ጉዱ ከወደቡ ጀመረ። የምትመዘግበው ሴትዮ "ካርድ?" አለቻት። አያልነሽ ፖስታውን አወጣች። ሴትዮዋ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ፣ መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ እንደማይሸጥ፣ ሁሉም ነገር በክፍሏ የካርድ ቁልፍ እየተነካ እንደሚመዘገብ፣ ካርድ የሌለው ሰው ውስጥ ገብቶ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ገንዘቡን አስቀድሞ ማስያዝ እንዳለበት አስረዳቻት። እስቲ ይታያችሁ! አያልነሽ ገንዘብ ይዛ ቆማ ገንዘብ የለሽም ተባለች። ዶላሩ ላይ ለማንኛውም ዕዳ ሕጋዊ መክፈያ ነው የሚል በግልጽ ተጽፏል። አያልነሽ ጣቷን እያስኬደች አነበበችላት። ሴትዮዋ ደግማ ጥርሷን ብልጭ አደረገች።

ውስጥ ሲገቡ እንግዳ መቀበያው ፊት ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ሔርሜላ የእናቷን ክንድ ያዘች።

"እማዬ፣ አንቺ ሂጂ ከእነ ወይዘሮ ፀዳል ጋር ብዪ። ፖስታውን ስጪኝ፣ እኔ ዲፖዚት አደርግልሻለሁ።"

ልጇ ናት፣ ሰጠቻት። ወደ ማታ "አደረግሽልኝ?" ስትላት "አዎ ማሚ፣ ዶንት ዋሪ" አለቻት። አያልነሽም ልቧ አርፎ ባሕሩን ስታይ ሰነበተች።

ማክሰኞ ማታ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ቀድማ ተገኘች። አማቾቹን በወንበራቸው አስቀመጠች። የምግብ ዝርዝሩን ይዛ "ይህ በቂ አይደለም፣ ያንን ጨምሩ" እያለች አስተናጋጁን አጣደፈችው። ሥጋው መጣ፣ ዓሣው መጣ፣ ወይኑ ተቀዳ። አቶ መልከጼዴቅ እንኳንስ ሊበሉ ስሙን ሊጠሩት ያቃታቸው ጣፋጭ ሁሉ መጣ። ከዚያ አያልነሽ ተነሳች።

"ይህ የሔርሜላ መልስ ነው" አለች። "ዘግይቷል። ስላልጠራኋችሁ አፍሬ ነው የኖርኩት፤ ይቅር በሉኝ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልን! ቤትዎ ይሙላ! ከዚህ የበለጠ መልስ የት አለ!" አሉ አቶ መልከጼዴቅ። አስተናጋጁ ወረቀቱን አመጣ፣ አያልነሽ ቁልፏን ሰጥታ ፈረመች። ከትከሻዋ ላይ የሆነ ሸክም ሲወርድ ታወቃት።

እንዲህ እንደሆነ የዮናታን ስልክ፣ ከአባቱ ሳህን አጠገብ የተቀመጠው፣ ብልጭ አለ። አቶ መልከጼዴቅ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"ዮናታን! ከካርድህ ወጣ ይላል እኮ፤ የዚህ ምግብ ቤት ስም ነው። አንተ ነህ እንዴ የጋበዝከን?" ብለው ሳቁ። "እንግዲህ ያው ነው፣ ከአንድ ቤት ነው!"

ማንም አብሯቸው አልሳቀም። ዮናታን ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። ሔርሜላ የውሃ ብርጭቆዋን ትኩር ብላ ታያለች። አያልነሽ ከአንዱ ወደ አንዱ አየችና ገባት።

"ያው ነው?" አለች። "ምኑ ነው ያው?"

እስቲ ፍረዱ! የሙሽራው ወገን የራሱን መልስ በራሱ ካርድ ከፍሎ በላ! ይህ የየት አገር ወግ ነው? በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ እሷ ያውም በሙሽራው ወርቅ ደምቃ፣ ቆማ ንግግር አድርጋ፣ ምርቃት ተቀብላ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ እዚያ ደግሞ ምድር የለም፣ ባሕር ነው። ናፕኪኗን ሳህኗ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ሔርሜላ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። ፖስታው እንዳለ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

"እማዬ፣ እንዳታወጪ ብዬ ነው። ዊልቸር ስትገፊ የምታገኚውን ገንዘብ እነሱን ለማብላት... ኖ! እኛ አለን። ቤት ስንገባ ልመልስልሽ ነበር።"

"አዛኝ ቅቤ አንጓች! ማን እዘኚልኝ አለሽ? አታለልሽኝ እኮ! በሰው ፊት አቁመሽ አሳቅሽብኝ!"

"ማንም አልሳቀም! ደግሞስ ቶርንተን ውስጥ ማን መልስ ይቆጥራል? ማን ኬር ያደርጋል?"

አያልነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ቁጣው እንዳለ ነው፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ።

"እኔ ለአባትሽ የተዳርኩት ሱዳን ነው፣ ገዳሪፍ። ስደተኛ ነበርኩ፤ እናት የለኝ፣ አባት የለኝ፣ መልስ የሚጠራልኝ ሰው የለኝ። የአባትሽ እህት፣ እዚያው ዴንቨር፣ እሱ እስኪሞት ድረስ 'ከመንገድ ያነሳናት' ነበር የምትለኝ። በተጣላን ቁጥር፣ በሰው ፊት። መልስ ያልተበላባት ናት ትላለች፣ ሰውም ዝም ይላል። እሱም ዝም ይል ነበር። አንቺን ማንም ከመንገድ አላነሳሽም። ቤት አለሽ፣ እናት አለሽ። ይህንን ነው በእጄ ከፍዬ ልናገርልሽ የፈለግኩት፣ ገባሽ?"

ሔርሜላ ይህን ነገር ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አያልነሽ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች፣ ፖስታዋን ይዛ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ወጣት ቁልፏን አይቶ፣ ሒሳቧ ከአቶ ዮናታን ካርድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለመለየት ባለካርዱ ራሱ መቅረብ አለበት አላት። ዮናታን ፊቱን ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ።

"እማማ፣ በጣም ይቅርታ። ለምን ገንዘቡን ለእኔ አይሰጡኝም? ያልቅ የለ?"

"ለአንተ ብሰጥህማ ያበላኸው አንተ፣ ዕዳ የመለስኩት እኔ ሆንኩ። የማክሰኞው ራት የአንተ ግብዣ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣፍጦኛል። አሁን ከካርድህ አውጣኝ።"

ዮናታን ፈረመ። ወጣቱ ሐሰተኛ እንዳይሆኑ ብሮቿን እየነጠለ ሐምራዊ መብራት ሥር ማየት ጀመረ። አምስቷን ዶላር ሳይቀር፣ ገልበጥ፣ ቀና፣ ገልበጥ። ከኋላዋ የተሰለፉት ያዩዋታል። ከዚያ ወረቀት አስፈረማት፤ ያስያዘችው ካለቀ ቁልፏ እንደሚዘጋና ገንዘብ እስክትጨምር ድረስ ምንም መግዛት እንደማትችል የሚል። የአያልነሽ ቆሽት አረረ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች በእንግሊዝኛዋ፣ ኤርፖርት በምትጮህበት ድምፅ። "ሳልበላ ቀድሜ የከፈልኩት እኔ፣ የምጠረጠረው እኔ! ገና ያልሠራውን ገንዘብ የሚበላው ግን በክብር ይገባል! እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው ባለዕዳው?"

ወጣቱ ዓይኑን ሰበረ። "ልክ ነዎት፣ እሜቴ፤ ሥርዓቱ ግን እንደዚህ ነው" አለና ደረሰኝ ሰጣት። ሥርዓቱ! ሥርዓትስ እሷ ዘንድ ነበር።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ታለፈ። ሐሙስ አያልነሽ የአማቾቹን ክፍል አንኳኩታ፣ ዛሬ ማታ መልስ ተጠርታችኋል አለች። አቶ መልከጼዴቅ ሆዳቸውን ዳሰሱ።

"ወይዘሮ አያልነሽ፣ ማክሰኞ በልተን የለ እንዴ? ያውም እስኪበቃን!"

"ዝም ይበሉ" አሉ ወይዘሮ ፀዳል ባላቸውን። "ያ የልጃችን ራት ነበር። መልስ ገና አልበላንም።" ቀጥለውም ነጠላቸውን ፍለጋ ተነሱ።

ያው ጠረጴዛ፣ ያው አስተናጋጅ፣ ያው ሥጋ። ማንም አልራበውም፣ ሁሉም ግን በላ። አቶ መልከጼዴቅ እንኳ ቀበቷቸውን አላልተው ታገሉ። ወረቀቱ ሲመጣ አያልነሽ አቶ መልከጼዴቅን በዓይኗ ጠበቀቻቸው። አቶ መልከጼዴቅ ሰው በተሰበሰበበት ሒሳብ መጣ ሲባል "ሞቼ እገኛለሁ!" ብለው የሰው እጅ የሚጠመዝዙ ሰው ናቸው፤ ዴንቨር ውስጥ እሳቸውን አሸንፎ የከፈለ የለም። ያን ማታ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው፣ ዓይናቸውን መሬት ተክለው ተቀመጡ። ዮናታንም እንደ አባቱ አደረገ። አያልነሽ ስሟን ከዳር እስከ ዳር ጻፈች።

ያን ጊዜ አቶ መልከጼዴቅ ተነሱ።

"ወይዘሮ አያልነሽ" አሉ፣ ከዚህ በፊት ሲናገሩ ባልተሰማ ጭምት ድምፅ። "ልጅዎን ከቤትዎ፣ ከእጅዎ፣ በወግ በማዕረግ ወስደናል። መልሷንም በልተናል። ይህን ነገር ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራጠር ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ።"

ሔርሜላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሹካና ቢላ ድምፅ መሐል ወርዳ ተንበረከከችና የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። አስተናጋጁ የሆነ ነገር የወደቀባት መስሎት ሊረዳት ጎንበስ አለ።

አያልነሽ እጇን ልጇ ራስ ላይ አደረገች።

"ውለጂ፣ ክበጂ" አለቻት።