በገባበት የሚወጣው ሰካራም

እህቴን ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ፊት ለፊቷ ግን አይደፍርም። ከአባታችን የወረስነው መጠጥ ቤት ማዕዘን ላይ ስለሆነ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ገበያው፣ ሌላው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው። ጠጪ ሞቅ ሲለው በሩ ይምታታበታል፣ በገባበት አይወጣም ይል ነበር አባታችን። እህቴ ሰውን የምትመዝነው በዚህ ነው።

አትፍረዱባት። ባሏ እዚሁ ባንኮኒው ላይ ባወራት አንዲት ቀልድ ታስሮ ጤናውን አጥቶ ወጣ፤ ብዙም አልቆየላትም። ቀልዷን ለደህንነት ሰዎች ያቀበለው ጥግ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋ የነበረ «ሰካራም» ነው። በኋላ ስታስበው፣ ያ ሰው ሁልጊዜ በገባበት በር ነበር የሚወጣው።

አሁን ደግሞ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ድሮ ጭምት ነበር። ሰሞኑን ይዘፍናል፣ ይንገዳገዳል፣ ወንበር ይጥላል፤ ከዚያ በማቆሚያው በኩል እንደገባ በማቆሚያው በኩል ይወጣል።

«አየሽው?» አለችኝ ብርጭቆ ሳጥብ። «እግሩ ይሰክራል፣ ዓይኑ አይሰክርም።»

«አንቺ ደግሞ! ስንት ዓመት የምናውቀውን ሰው?»

«ያኛውንም እናውቀው ነበር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ፤ እሱ ባለበት ወሬ ሲጀመር ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ያዝኩ።

አንድ አመሻሽ ልታባርረው ቆርጣ ከኋላው ሄደች። አጠገቡ ፀጉር አስተካካዩ በገዛ ቀልዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይንፈቀፈቃል። ሾፌሩ ይሄኔ ቢራውን ቀስ አድርጎ የፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠ። እጁን አፈፍ አደረገችው።

«ለማን ነው የምትሠራው አንተ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ጉበቴ ነው፣ እትዬ» አለ በሹክሹክታ። «ሐኪሙ ጠብታ እንዳትቀምስ ብሎኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤት የሚያናግረኝ የለም። ካልጠጣሁ ደግሞ እዚህ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

«የዚህ ቤት ቢራ በረከት አለው እኮ፣ አያልቅም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን እያነሳ።

እህቴ እጁን እንደያዘች ያ «ሰካራም» ያንኮራፋበት የነበረውን ጥግ ሰርቃ አየችው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ከእንግዲህ በወዲያኛው በር ውጣ፣ ወንድምዬ። እንዲህማ ማንም አያምንህም።»

ሾፌሩ እየዘፈነ በገበያው በር ወጣ። ቤቱ በማቆሚያው በኩል ስለሆነ ዞሮ በመስኮታችን ሥር አለፈ፤ ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። እህቴ ሌላ ሰው ሳያየው መጋረጃውን ሳበችው።